ስለ ነፋስ ባሌስትራና በመኪና ላይ ስለሚታሰር ኮምፕሬሰር

(በማኅበራችን የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የቢቸናና የሞጣ ስም በተማሪ ጽሑፍ ላይ ሲነሣ አንባቢ የሚጠብቀው የ1960 ዓ.ም.ን የገበሬ ዐመፅ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ማግሥት በሁለቱ አውራጃዎች ስለ ተነሣው ገበሬ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። የማኅበራችን ጸሐፊም የንግግሬን ቦታ ብቻ ሰምቶ «ስለ ግብሩ ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። «አይደለም፤ ስለ ባሌስትራ ነው» ብለው ሣቀ። ይሣቅ እንጂ፣ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጆች ጤፋቸውን ወደ ገበያ የሚልኩት በባሌስትራ ላይ ጭነው ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ከሕዝቡ ኑሮ የራቀ አይመስለኝም። ከዚህም በላይ በዚህ ነገር እኔ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ እርሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አስቀድሜ መንገዱን ላሳያችሁ። ከሞጣ የተነሣ የጭነት መኪና በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርጎ ደጀን ይደርሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ከዚያ በሱሉልታ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ሞጣም ቢቸናም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ከፍ ያሉ ደገኛ ከተሞች ናቸው። በዓባይ ሸለቆ ግን መንገዱ በ40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ መሻገሪያው ተሻሽሏል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። ጤፉም ቢሆን የሚበቅለው አስፋልት ዳር አይደለም። ከየቀበሌው ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው መንገድ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ውስጥ ሦስት ዓይነት መንገድ ያገኛል ማለት ነው።

አጎቴ በዚህ መንገድ ሲመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በዕረፍት ጊዜ ከረዳቱ ጋራ ጭነቱ ላይ እየተቀመጥሁ ስለ ተጓዝሁ፣ ባሌስትራ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ በፊት በወገቤ ተምሬዋለሁ። መኪናው ጤፍ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጉዞው የተረጋጋ ነው። ሲመለስ ግን ጭነቱ ጥቂት ሳሙና፣ ጥቂት የፕላስቲክ ዕቃ፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሁለት ወንበርና አልጋ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ መኪናው እንደ ወይፈን ይዘላል። አንድ ጊዜ ለአንዲት የሞጣ ባለ ሱቅ የተላከ 12 ደርዘን ብርጭቆ ጭነን ነበር። ሞጣ ደርሰን ካርቶኑን ስናወርደው ሻሽ ሻሽ አለ። ሴትዮዋ ካርቶኑን እንኳ ሳይከፍቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና «እኔ ብርጭቆ እንጂ ጸናጽል አላዘዝሁም» አሉ። አጎቴም የብርጭቆውን ዋጋ ከፈለ።

ባዶ መኪና ይህን ያህል የሚዘልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባሌስትራ ማለት ተደራርበው በመካከላቸው በብሎን የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ናቸው። (ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ በዚያው ቋንቋ ቀስት ይወረውር የነበረ የጥንት የጦር መሣሪያ ስምም ነው። ጣልያኖች ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን፣ ክሪኩንና ጎሚስታውን ጭምር ከነስሙ ትተውልን ሄደዋል።) የመኪና ሠሪው ድርጅት የቅጠሎቹን ውፍረትና ብዛት የሚመጥነው ለሙሉ ጭነት ነው። የብረቱ ጥንካሬ ግን ጭነቱ ሲቀንስ አብሮ አይቀንስም። አንድ ቀላል ስሌት ልንገራችሁ። ጭነቱ ባሌስትራውን 25 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢያደርገው፣ መኪናው ጉድጓድ መትቶ ሲነቃነቅ በሴኮንድ 1 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። 6 ሳንቲሜትር ቢያወርደው በሴኮንድ 2 ጊዜ ያህል ይሆናል። ባዶው መኪና አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ሲያወርደው ግን በሴኮንድ 4 ጊዜ ይናወጣል። የሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች ሲናወጥ ከሁሉ የበለጠ የሚሰማው ደግሞ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚሆነው ንዝረት መሆኑን ባለሙያዎች ደርሰውበታል። እኔ በወገቤ የተማርሁት እንግዲህ ይህንኑ ነበር።

በየጋራዡ የተለመደው መድኃኒት ሌላ ቅጠል መደረብ ነው። ባለ መኪናው «ባሌስትራው ተኛብኝ» ይላል፤ መካኒኩ አንድ ቅጠል ይጨምርለታል፤ መኪናው ጤፍ ሲጭን ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ባዶውን ሲመለስ ግን ከበፊቱ ይብሳል። የሚናወጠው ሰውና ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ሻንሲውም በየጉድጓዱ ስለሚመታ ከጊዜ በኋላ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ብየዳውም ይከተላል።

እንግዲህ የነፋስ ባሌስትራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት ፓምፕ ይዛችሁ አፉን በአውራ ጣታችሁ ድፈኑና እጀታውን ግፉት። መጀመሪያ እሺ ይላል፤ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስትለቁት ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። የነፋስ ባሌስትራ ይኸው ነው። ወፍራም፣ በክር የተጠናከረ የጎማ ከረጢት በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ይቀመጥና በታመቀ አየር ይነፋል። ዋና ጥቅሙ ጥንካሬው እንደ ጭነቱ ሊለወጥ መቻሉ ነው። ጤፍ ሲጫን ግፊቱን ትጨምራላችሁ፣ ሲራገፍ ትቀንሳላችሁ፤ ስለዚህ ሞልቶም ጎድሎም የመኪናው ንዝረት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሐውስ ለባቡር የነፋስ ፍሬን ያወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ነበር፤ በተሽከርካሪ ላይ የታመቀ አየር ይዞ መጓዝ ከዚያ ጀምሮ የተለመደ ነገር ነው። ያንኑ አየር ለባሌስትራ ማዋል ግን ብዙ ጊዜ ወሰደ። ፋየርስቶን የተባለው የጎማ ኩባንያ በ1930ዎቹ ሞከረው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጄኔራል ሞተርስ አውቶቡሶች ይዘውት ወጡ፤ በ1954 ግሬይሐውንድ የተባለው የአሜሪካ የአውቶቡስ ኩባንያ ባለ ፎቁን ሲኒክሩዘር በነፋስ ባሌስትራ ላይ አስቀምጦ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። ዛሬ በአውሮፓ ከባድ መኪናና ተሳቢ ያለ ነፋስ ባሌስትራ ማየት እየቀረ ሄዷል። ወደ እኛ አገርም በአገር አቋራጭ አውቶቡሶችና በተሳቢዎች ላይ ተሠርቶ ይመጣል። የእኔ ጉዳይ ግን ተሠርቶ የመጣው አይደለም፤ ባሌስትራ ባለው በተራው የጭነት መኪና ላይ በኋላ ስለሚጨመረው ነው።

አጎቴ ከብርጭቆው ነገር በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ከረጢት ከነመሣሪያው የሚሸጥ ሰው አገኘ። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነበርሁ። ከመግዛቱ በፊት ስልክ ደውሎ «አንተ የተማርኸው ምንድን ነው? ይችላል ወይስ አይችልም?» አለኝ። እኔም ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ። ከረጢቱ ክብ ሆኖ ጭነት የሚሸከመው ገጹ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 490 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። 1 ባር ማለት በ1 ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል የሚጫን ግፊት ነው። ስለዚህ በ5 ባር የተነፋ አንድ ከረጢት 2,450 ኪሎ ያህል፣ ሁለቱ በአንድነት 49 ኩንታል ይሸከማሉ። ከብረቱ ባሌስትራ ጋራ ተጋግዘው የሚሠሩ ረዳቶች ስለ ነበሩ ይህን ሁሉ መሸከምም አይጠበቅባቸውም። «ከበቂ በላይ ነው» አልሁት። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን አየሩ ከወዴት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ኮምፕሬሰሩ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

ከባዱ መኪና ለፍሬኑ ሲል በሞተሩ የሚዞር ኮምፕሬሰር አስቀድሞ አለው። አባቶቻችን «ኤንትሬ» ይሉት የነበረው ፊያት 682 እንኳ የነፋስ ፍሬን ነበረው። ትንንሾቹ መኪናዎች ግን፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የአይሱዙ ኤን ፒ አር ዓይነቶች፣ ፍሬናቸው በዘይትና በቫኪዩም የሚሠራ ስለ ሆነ ነፋስ የሚያምቅ መሣሪያ የላቸውም። ለእነርሱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰርና አንድ የነፋስ ቦምቦላ ሻንሲው ላይ መታሰር አለበት። ይህ ትንሽ ኮምፕሬሰር ከባትሪው ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሽቦው ወፍራም፣ ፊውዙም የራሱ መሆን ይገባዋል፤ ሞተር ጠፍቶ ሳለም ብዙ ቢያሠሩት ባትሪውን ይጨርሰዋል። ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ካላረፈ ደግሞ ይቃጠላል።

በእኛ አገር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በፋብሪካው መምሪያ ላይም አይጻፍም። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ አየር የተሰላ ነው። በሞጣና በቢቸና ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ቦምቦላ በ8 ባር ለመሙላት በባሕር ዳርቻ 240 ሊትር ያህል አየር መሳብ ሲበቃ፣ ቢቸና ላይ 320 ሊትር መሳብ ያስፈልጋል። በደቂቃ 40 ሊትር የሚስብ ኮምፕሬሰር እዚያ በ6 ደቂቃ የሚሞላውን እዚህ በ8 ደቂቃ ይሞላል፤ እርሱም ምንም ሳይዳከም ቢሠራ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛ ስለሚዳከም በተግባር ከዚህም ይበልጣል። ረዘም ላለ ጊዜ በመሥራቱ ይግላል፤ በመጋሉም ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ አንድ ደገኛ የሚገዛው ኮምፕሬሰር ለሥራው ልክ የሆነውን ሳይሆን ከልክ ከፍ ያለውን መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ደግሞ «ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከረጢቱ በሙቀት አይፈነዳም ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አይፈነዳም። ከደጀን በ15 ዲግሪ የተነሣ መኪና ድልድዩ ጋ 35 ዲግሪ ቢያገኝ አየሩ ይለጠጣል፤ ነገር ግን ከረጢቱን የሚጫነው ሸክም ያው ስለ ሆነና የውጭው አየርም በሸለቆው ስለሚከብድ፣ ከረጢቱ በመቶ 4 ያህል ብቻ ይነፋል። ይህም በ20 ሳንቲሜትር ከረጢት ላይ ከ1 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ውኃ ነው። አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ የነበረውን እርጥበት ይተፋል፤ በክረምት ጧት ጧት የቦምቦላውን የታች መክፈቻ ስትከፍቱት ውኃና ጥቂት ዘይት ተቀላቅሎ ይወጣል። ካልወጣ ቦምቦላውን ከውስጥ ያዝገዋል፣ ቫልቮቹንም ያበላሻል። የአጎቴ ረዳት ይህን ሥራ ከቁርሱ በፊት ያደርገዋል።

እንግዲህ ያ የሆነውን ልናገር። የአጎቴ መኪና ነፋስ እየገፋ ዘይቱን የሚያሠራ ፍሬን ያለው ነው፤ ማለት ኮምፕሬሰርም ቦምቦላም አለው። ከረጢቶቹን ያሰረው ጋራዥ ስሙን አላነሣም። መካኒኩ ጎበዝ ሰው ነበር፤ አሠራሩም ንጹሕ ነበር። ግን ለከረጢቶቹ የሚሄደውን ቱቦ በቀጥታ ከፍሬኑ ቦምቦላ ላይ ቀጠለው። አጎቴ «ይህ ለፍሬኑ አያስቸግርም?» ብሎ ቢጠይቀው «አይስጉ አያ፤ ነፋስ ነፋስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ለሁለቱም ይበቃል» አለው። ሌላ ኮምፕሬሰር መግዣ ስለ ተረፈም አጎቴ ደስ አለው። ለአንድ ወር ያህል ሁሉም ደኅና ሆነ። ባዶውን ሲመለስ መኪናው አይዘልም፤ የሞጣዋ ባለ ሱቅም ሁለተኛ ብርጭቆ አዘው በሰላም ደረሰላቸው።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጉዞ፣ ጤፍ ጭነን ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ እኔም ጋቢናው ውስጥ ነበርሁ። ገና ሩቡን መንገድ ሳንወርድ የግፊት ማሳያው መርፌ ዝቅ ማለት ጀመረ። አጎቴ በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ፣ የጭስ ማውጫውን ፍሬን ከፍቶ ነበር የሚወርደው፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ ኮምፕሬሰሩም አብሮት ይሠራል። መርፌው ግን አልቆመም። ፍሬን በነካ ቁጥር ደግሞ ይባስ ይወርዳል። ከዚያ የማስጠንቀቂያው ድምፅ መጮኽ ጀመረ። ማንም አልተናገረም። አጎቴ ማርሹን አንድ ደረጃ ዝቅ አደረገና መኪናውን ቀስ እያለ ወደ ተራራው ወገን አስጠጋው፤ የመንገዱን የውኃ መሄጃ ቦይ በጎማ ነክቶ፣ በቀረው ፍሬን አቆመው። ረዳቱ ከመቆሙ በፊት ዘልሎ ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቀ። እኔ እግሬ ስለ ተንቀጠቀጠ ወዲያው መውረድ አልቻልሁም።

ወርደን ስናይ የግራው ከረጢት ተኝቷል። ቱቦው ከሻንሲው ጠርዝ ጋራ እየተፋተገ ተበልቶ፣ ነፋሱ እየጮኸ ይወጣል። ረዳቱ ምንም ሳይማከር ቱቦውን ከተበላው በላይ እጥፍ አድርጎ በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። ጩኸቱ ቆመ፤ ሞተሩን ስናስነሣው መርፌው መውጣት ጀመረ። ጭነቱን የብረቱ ባሌስትራ ስለ ያዘው መኪናው ትንሽ ወደ ግራ ከማዘንበሉ በቀር ምንም አልሆነ። ግፊቱ እስኪሞላ ጠብቀን ጉዞአችንን ቀጠልን። አጎቴ ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ሻይ ካዘዘ በኋላ ግን «ሒሳብህ ይህን አያውቅም ነበር?» አለኝ።

ሒሳቤ አያውቀውም ነበር። መካኒኩን ብቻ መውቀስ ለእኔ አይገባኝም፤ «ከበቂ በላይ ነው» ያልሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በከባድ መኪና ላይ ፍሬኑ ሳይሞላ ሌላ ማንም አየር አይወስድም የሚል ነው። ለዚህ የተሠራ መከላከያ ቫልቭ አለ። የፍሬኑ ቦምቦላ ከተወሰነ ግፊት በላይ ሳይደርስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ባር ባለው መካከል፣ ወደ ባሌስትራው የሚሄደው በር አይከፈትም፤ ባሌስትራው ቢቀደድና ግፊቱ ቢወርድ በሩ ራሱ ይዘጋና ለፍሬኑ የቀረውን ይጠብቅለታል። ዕቃው ከአንድ ቡጢ አይበልጥም። ያችን አንዲት ዕቃ ብናስገባ ኖሮ ያን ቀን ከረጢቱ ይተኛ ነበር እንጂ መርፌው ከዚያ በታች አይወርድም ነበር። ከዚህም የሚሻለው፣ አቅሙ ያለው ሰው ለከረጢቶቹ ለብቻቸው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰርና የራሳቸው ቦምቦላ ቢያስርላቸውና ከፍሬኑ ጋራ ጨርሶ ባያገናኛቸው ነው። እኔ በበኩሌ ዓባይን ለሚወርድ መኪና የምመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ስለ አስተሳሰሩም ጥቂት ልበል። ቱቦው ከጠርዝም ከጭስ ማውጫም ርቆ በየጥቂቱ መታሰር አለበት፤ በቀዳዳ ሲያልፍም ጎማ ይለብሳል። ከረጢቱ ሲነፋም ሲተኛም ከጎማውና ከሌላ ብረት ጋራ አለመነካካቱ መኪናውን በክሪክ አንሥቶና ዝቅ አድርጎ በዓይን መታየት አለበት። መቀመጫውን ሻንሲው ላይ መበየድ አይገባም፤ ብየዳው ብረቱን ያደክመዋልና በብሎን ይታሰር። የብረት ቅጠሎች እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ንዝረቱን ራሳቸው ያበርዱታል፤ ነፋስ ግን አይፋተግም። ስለዚህ አሞርዛተሩ ካረጀ የነፋስ ባሌስትራ ያለው መኪና እንደ ኳስ ይነጥራል። ከረጢት ገዝቶ አሮጌ አሞርዛተር መተው ገንዘብ መጣል ነው።

ዋልካውን አልረሳሁም። ከየቀበሌው ሲወጣ በከረጢቱ እጥፋት ውስጥ የገባው ጭቃ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ ጠጠር ከያዘም ጎማውን ይበላዋል። በክረምት ከየጉዞው በኋላ በውኃ መታጠብ አለበት። ዓመቱን ሙሉ ከአስፋልት ውጭ ለሚሠራ መኪና እኔ የነፋስ ባሌስትራ አልመክርም፤ የብረቱ ቅጠል ቢሰበር አንጥረኛ እንኳ ለጊዜው ያስተካክለዋል፣ የተቀደደ ከረጢት ግን ደብረ ወርቅ ላይ የሚሰፋው የለም።

አሁን ብዙ ሰው የማይወደውን ነገር ልናገር። የመኪናው ጀርባ በነፋስ ቀና ሲል ባለ መኪናው «እንግዲህ 20 ኩንታል ብጨምርስ?» ማለት ይጀምራል። ባሌስትራው ስላልተኛ መኪናው የቻለ ይመስለዋል። የቻለው ግን ከረጢቱ ነው እንጂ አክስሉ፣ ቸርኬው፣ ጎማው፣ ከሁሉም በላይ ፍሬኑ አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያቆመው ክብደቱን ነው፤ ክብደቱ በምን ላይ እንደ ተቀመጠ አያውቅም። መንገዱም አያውቅም። በአሜሪካ ኢሊኖይ በ1958 እና በ1960 መካከል የተደረገው ትልቅ የመንገድ ምርመራ እንዳሳየው፣ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስሉ ክብደት በአራተኛ ኃይል ያህል ያድጋል። 10 ቶን ይሸከም የነበረ አክስል 12 ቶን ቢሸከም ክብደቱ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ብቻ ሲሆን ጉዳቱ ግን ከእጥፍ ይበልጣል። በየክረምቱ የምናማርረው ጉድጓድ ከዚህ የሚቆፈር ነው።

በሌላ በኩል ግን በደንብ የታሰረ የነፋስ ባሌስትራ ለመንገዱ ወዳጅ መሆኑ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ሕግ ባለ ሦስት አክስል መኪና 25 ቶን እንዲሆን ሲፈቅድ፣ የሚገፋው አክስል ድርብ ጎማና የነፋስ ባሌስትራ ወይም እርሱን የሚተካከል ካለው 26 ቶን ይፈቅድለታል። «የሚተካከል» ለመባልም ንዝረቱ በሴኮንድ ከ2 ጊዜ መብለጥ የለበትም፤ የአሞርዛተሩም አቅም ይመዘናል። በ1998 የወጣው ዲቫይን የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም የነፋስ ባሌስትራ መንገድን እንደሚያተርፍ፣ አሞርዛተሩ ካረጀ ግን ይህ ጥቅም እንደሚጠፋ አሳይቷል። በእኛም አገር የሚዛን ጣቢያ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ቢታሰብ መልካም ይመስለኛል፤ ግን አንድ ቶን የሚጨመርለት አሞርዛተሩን በየዓመቱ ለሚያስመረምር ብቻ መሆን አለበት። አለዚያ 20 ኩንታል ሊጨምር ለሚያስበው ሰው ሰበብ መስጠት ይሆናል።

አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ከረጢቶቹን ሊያስወልቅ ፈልጎ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ተከራከርን። በመጨረሻ ቱቦውን ከፍሬኑ ቦምቦላ ላይ አስነቀለውና የተቀጠለበትን ቀዳዳ አስደፈነ፤ ለከረጢቶቹ በ24 ቮልት የሚሠራ ኮምፕሬሰርና 20 ሊትር የሚይዝ ቦምቦላ ገዛ። ጋቢናው ውስጥም የከረጢቶቹን ግፊት ለብቻው የሚያሳይ ሁለተኛ መርፌ አስተከለ። ወጪው ከከረጢቶቹ ዋጋ የሚስተካከል ሆነ፤ ግማሹን እኔ ከፍዬ ልጨርሰው ቃል ገብቻለሁ፤ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

ከፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ትንሽ መሣሪያ ከከመነዳሪ፣ ከሁለት ጣውላና ከአንድ የዘይት ጣሳ የሠራሁት ናሙና ነው። ጣሳው የፍሬኑ ቦምቦላ ነው፤ ከመነዳሪው ባሌስትራው ነው፤ በመካከላቸው ያለችው ቀይዋ መዝጊያ መከላከያ ቫልቯ ናት። መጀመሪያ መዝጊያዋን ከፍታችሁ ከመነዳሪውን በመርፌ ውጉት፤ የጣሳው መርፌ ምን እንደሚሆን እዩ። ከዚያ ዘግታችሁ ሞክሩት። ለመውጊያ የሚሆን አራት አሮጌ ከመነዳሪ ከጎሚስታው ለምኜ አምጥቻለሁ። ፓምፑ ግን የተዋስሁት ስለ ሆነና ዛሬ ማታ መመለስ ስላለበት፣ መሞከር የምትፈልጉ ሻዩ ሳይቀርብ በፊት ብትመጡ መልካም ነው።